ግድግዳ ሲናገር

(በትምህርት ቤታችን የ50ኛ ዓመት በዓል ዕለት በሥዕል ማኅበር ስም የተደረገ ንግግር)



ልንናገርበት የመረጥነው ርእስ በአደባባይ ግድግዳ ላይ ስለሚሣል ሥዕልና ሐሳብን በነፃ ስለ መግለጥ ነው። ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት ከራሳችን ጉዳይ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ በንግግራችን መጨረሻ እንገልጠዋለን። አስቀድመን ግን በሌላ አገር፥ በሌሎች ሠዓሊዎችና በሌሎች ተማሪዎች ዘንድ የሆነውን ታሪክ እንድታዳምጡን በትሕትና እንለምናለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም ከወዲሁ እናስታውቃለን።

መጽሐፍን የሚገልጠው ማንበብ የሚችል ሰው ነው። በቤት ውስጥ የተሰቀለን ሥዕል የሚያየው ወደ ቤቱ የተጠራ እንግዳ ነው። የአደባባይ ግድግዳ ግን ማንንም አይመርጥም። ተሸካሚውም፥ ነጋዴውም፥ ዳኛውም፥ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጠው ሕፃንም በፊቱ ያልፋሉ፤ ሁሉም ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ ያዩታል። በአገራችንም ፊደል ያልቆጠሩ አባቶችና እናቶች የቅዱሳንን ታሪክ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲያነቡ መኖራቸውን ሁላችን እናውቃለን። እንግዲህ በግድግዳ ላይ የተነገረ ነገር ፀሓይ የሞቀው፥ አገር ያወቀው ነውና የሚወደውም የሚቈጣበትም ብዙ ነው። የነፃነት ፈተናም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ይህን ነገር በሰፊው ለዓለም ካሳዩት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት። በሜክሲኮ በ1910 የተነሣው አብዮት ለ10 ዓመት ያህል አገሪቱን ሲያናውጥ ከቈየ በኋላ፥ በ1921 ሆሴ ቫስኮንሴሎስ የሚባል ሰው የሕዝብ ትምህርት ሚኒስትር ሆነ። በዚያን ጊዜ ከሕዝቡ የሚበዛው ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ሚኒስትሩ ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት ከመክፈቱም በላይ፥ ሠዓሊዎችን ጠርቶ የመንግሥት ሕንፃዎችን ግድግዳ ሰጣቸው። ከነዚህም መካከል ስማቸው ይበልጥ የታወቀው ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ዲዬጎ ሪቬራ፥ ሆሴ ክሌሜንቴ ኦሮስኮና ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ ይባላሉ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ይሠሩበት የነበረው ዘዴ ፍሬስኮ የሚባለው ነው። ግንበኛው በማለዳ ተነሥቶ የዚያን ቀን ድርሻ የሆነውን ያህል ብቻ በኖራ ይለስናል። ሠዓሊውም ልስኑ ሳይደርቅ በውኃ የተበጠበጠውን ቀለም ይቀባል። ኖራው ከአየር ጋራ እየተዋሐደ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ቀለሙንም ከራሱ ጋራ አስሮ ያስቀረዋል። በአገራችን በብዙ አብያተ ክርስቲያናት እንደሚደረገው በሸማ ላይ ተሥሎ ከግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ሊነሣ ይችላል፤ ፍሬስኮ ግን የግድግዳው ሥጋ ሆኗልና በቀላሉ አይነሣም። ሊያጠፋው የሚፈልግ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ በኖራ ይሸፍነዋል፥ ወይ በመዶሻ ያፈርሰዋል። ሁለቱም መንገዶች በተግባር መዋላቸውን ወደ ፊት እናያለን።

አሁን ለእኛ ለተማሪዎች ልዩ ትርጉም ወዳለው ነገር እንመጣለን። የሜክሲኮ ሠዓሊዎች ሥራቸውን ከጀመሩባቸው የመጀመሪያዎቹ ግድግዳዎች ዋናው የብሔራዊው መሰናዶ ትምህርት ቤት ግድግዳ ነበረ። ሪቬራ የመጀመሪያውን የግድግዳ ሥዕሉን በ1922 እና በ1923 የሠራው በዚሁ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ኦሮስኮና ሲኬይሮስም በዚያው ግቢ በደረጃውና በሰገነቱ ግድግዳ ላይ ይሥሉ ነበር። ኦሮስኮ በወጣትነቱ ባሩድ ፈንድቶበት ግራ እጁን ያጣ ሰው ነው፤ እነዚያን ታላላቅ ሥዕሎች በርብራብ ላይ ወጥቶ የሠራቸው በቀኝ እጁ ብቻ ነው። የባለጠጎችን ትዕቢትና የሐሰተኛ ዳኞችን ነውር ሳይሸፋፍን ስለ ሣለ ብዙ ሰው ተቈጣ።

ታዲያ በእነዚህ ሥዕሎች ላይ አስቀድሞ እጁን ያነሣ ማን ይመስላችኋል? ፖሊስ አልነበረም፤ ወታደርም አልነበረም። ተማሪዎች ነበሩ። በ1924 የትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በኦሮስኮና በሲኬይሮስ ሥዕሎች ላይ ተነሥተው ቧጨሯቸው፥ አበላሿቸውም። ከዚህም የተነሣ ሁለቱ ሠዓሊዎች ከሥራቸው ተሰናበቱ። ኦሮስኮ ተመልሶ የጀመረውን ለመፈጸም የቻለው በ1926 ነው። ከዚያ በኋላ ከሣላቸው አንዱ በምሽግ ውስጥ የወደቁ ሦስት ሰዎችን የሚያሳየው ሥዕል ነው፤ ዛሬ ያ ሕንፃ ሙዚየም ሆኖ ይህን ሥዕል ለማየት ከብዙ አገር ሰው ይመጣል።

ይህን ታሪክ ስናነብ በማኅበራችን ውስጥ ዝምታ ሆነ። እኛ ስለ ነፃነት ስንናገር ብዙ ጊዜ ከልካዩን ከበላይ እንፈልገዋለን፤ ሹሙን፥ ሀብታሙን፥ ሽማግሌውን እንከስሳለን። የሜክሲኮ ታሪክ ግን መቧጨሪያው በእኛም በተማሪዎች እጅ ሊገኝ እንደሚችል ያስታውሰናል።

ወደ ሁለተኛው ታሪክ እንለፍ። በ1932 ሲኬይሮስ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ ነበረ። ኦልቬራ በሚባለው መንገድ ላይ በአንድ ሕንፃ የላይኛው የውጭ ግድግዳ ላይ ስለ ሞቃታማዋ አሜሪካ እንዲሥል ተጠየቀ። ያዘዙት ሰዎች የጠበቁት የዘንባባ ዛፍ፥ ፍራፍሬና የደስታ ኑሮ ነበረ። እርሱ ግን ርዝመቱ 24 ሜትር በሚያህለው ግድግዳ መካከል፥ በመስቀል ላይ የታሰረ የአገሬውን ተወላጅ ሣለ፤ ከራሱም በላይ ንስር ቆሞበታል። ሥዕሉ በዚያው ዓመት በጥቅምት 9 ቀን ተመረቀ። ከመንገድ የሚታየው ክፍል ብዙም ሳይቈይ በኖራ ተሸፈነ፤ ጥቂት ዓመታት ቈይቶም የቀረው ሁሉ ነጭ ሆነ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስል ነበር። ነገር ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ፀሓይና ዝናብ የኖራውን ልባስ እያሳሱት ስለ ሄዱ፥ የተሰቀለው ሰው መልክ ከሥር ብቅ ይል ጀመር። በዚያን ጊዜ በሎስ አንጀለስ የነበሩ የሜክሲኮ ተወላጅ ወጣቶች ይህን አይተው የራሳቸውን ሰፈር ግድግዳዎች በሥዕል መሙላት ጀምረው ነበርና፥ ያ የተሸፈነ ሥዕል እንደ አያት ሆነላቸው። ከብዙ ዓመት ጥገና በኋላ በ2012፥ ልክ ከተመረቀ በ80 ዓመቱ በጥቅምት 9 ቀን፥ ለሕዝብ እንደ ገና ተከፈተ። ጠጋኞቹ የጠፋውን ቀለም እንደ ገና አልቀቡትም፤ የቀረውን ብቻ አጽንተው አቈዩት። ስለዚህ የሚያየው ሰው ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን የደረሰበትንም ያያል። ሲኬይሮስ ግን በ1974 ስለ ሞተ ይህን ለማየት አልታደለም።

ሦስተኛው ታሪክ የመዶሻው ነው። በ1933 ሪቬራ በ21,000 ዶላር ተዋውሎ በኒውዮርክ ከተማ በሮክፌለር ሕንፃዎች በአንዱ መግቢያ አዳራሽ ይሥል ነበር። በሥዕሉ ውስጥ የሩስያውን መሪ የሌኒንን መልክ አገባበት። ኔልሰን ሮክፌለር ያንን መልክ በሌላ ሰው መልክ እንዲለውጠው በደብዳቤ ጠየቀው። ሪቬራ የአብርሃም ሊንከንን መልክ እጨምራለሁ እንጂ ሌኒንን አላጠፋም አለ። በግንቦት 9 ቀን ሥራውን እንዲያቆም ታዘዘ፤ ገንዘቡ ተከፈለው፤ ሥዕሉም ተሸፈነ። ሥራው ከመቆሙ በፊት ረዳቱ ሉሲየን ብሎክ ካሜራ ደብቃ ገብታ ፎቶግራፍ አነሣችው። በየካቲት 1934 በሌሊት ሥዕሉ በመዶሻ ተፈረካክሶ ወደቀ። ሪቬራም በዚያው ዓመት ያንኑ ሥዕል በሜክሲኮ ከተማ በሥነ ጥበባት ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ እንደ ገና ሣለው፤ እስከ ዛሬም አለ።

እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን ትክክለኛ ፍርድ ልንሰጥ ይገባናል። ባለ ሕንፃዎቹ «ግድግዳው የእኛ ነው፤ ዋጋውንም ከፍለናል» ቢሉ ነገራቸው ከንቱ አይደለም። ደግሞም ሪቬራ ያከበረው ሌኒን የመሠረተው መንግሥት፥ በዚያው በ1930ዎቹ ዓመታት ሠዓሊዎቹን መንግሥት ከወደደው ዓይነት ሥዕል በቀር እንዳይሥሉ ይከለክል ነበር። ሲኬይሮስም ቢሆን በ1940 በሜክሲኮ በስደት ይኖር የነበረውን ትሮትስኪን ለመግደል በጦር መሣሪያ ቤቱን ካጠቁት ሰዎች መሪ ነበረ። እንግዲህ እነዚህን ሠዓሊዎች እንደ መላእክት አድርገን አናቀርባቸውም። ሐሳብን የመግለጥ ነፃነት ለደግ ሰው ብቻ የሚሰጥ ሽልማት ቢሆን ኖሮ ማን ይድን ነበር? ደግነቱን የሚመዝነውስ ማን ይሆን ነበር?

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። በግድግዳ ላይ ያየነውን ነገር ባንወደው ምን እናድርግ? ለዚህ የምናቀርበው አራተኛው ታሪክ መልስ የሚሰጥ ይመስለናል።

ሪቬራ ወደ ኒውዮርክ ከመሄዱ በፊት በ1932 እና በ1933 በዲትሮይት ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ በአንድ አዳራሽ 27 ክፍል ያለው ሥዕል ሠርቶ ነበር። የአውቶሞቢል ፋብሪካ ሠራተኞች ከነመሣሪያዎቻቸው፥ ከነላባቸው ታዩበት። ሥዕሉ ሲከፈት ታላቅ ጩኸት ተነሣ። ሕፃን ክትባት ሲከተብ የሚያሳየው ክፍል የክርስቶስን ልደት ሥዕል ስለሚመስል «ይህ በሃይማኖት መዘበት ነው» ያሉ ቀሳውስት ነበሩ። በኖራ ይሸፈን የሚሉም ብዙ ነበሩ። ገንዘቡን የሰጠው ኤድሰል ፎርድ ግን፥ ምንም እንኳ የታላቅ ፋብሪካ ጌታ ቢሆን፥ ሠዓሊው የከተማይቱን መንፈስ እንደ ገባው ሊገልጥ ሞክሯል ብሎ አልነካም አለ። ጩኸቱን የሰማ ሕዝብም ለማየት ወደ ሙዚየሙ ጐረፈ።

ከ20 ዓመት ያህል በኋላ በ1952፥ በአሜሪካ ኮሚኒስት የተባለ ሁሉ በሚወገዝበት ዘመን፥ ጥያቄው እንደ ገና ተነሣ። የሙዚየሙ ሰዎች ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በአዳራሹ መግቢያ ላይ አንድ የጽሕፈት ሰሌዳ አቆሙ። በሰሌዳውም ላይ የሪቬራን ፖለቲካ አጥብቀው እንደሚጠሉ፥ በከተማይቱ ሥራ የሚኮራ ሁሉ ግን በሥዕሉም ሊኮራ እንደሚገባው ጻፉ። ከዚህ በኋላ ሥዕሉ ሳይነካ ኖረ፤ በ2014 የአገሪቱ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ።

እነሆ፥ ሦስት መንገድ አየን፤ ኖራ፥ መዶሻና ሰሌዳ። ኖራው ጊዜ ሲያልፍ ሳሳ። መዶሻው ሥዕሉን ከአንድ ከተማ ቢያጠፋውም በሌላ ከተማ አስነሣው። ሰሌዳው ግን የሚጠላውም የሚወደውም በአንድ አዳራሽ እንዲቆሙ አስቻለ። ሰሌዳውን ያቆሙት ሰዎች ቍጣቸውን አልዋጡትም፤ ጽፈው አቆሙት። ቃልን በቃል መመለስ ማለት ይህ ነው።

ሌላም ልብ ያልነው ነገር አለ። ሥዕል የሚጠፋበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። የኒውዮርኩ ሥዕል በሌሊት ፈረሰ። በዚያው ከተማ በኩዊንስ ክፍል ወጣቶች በባለቤቱ ፈቃድ ለብዙ ዓመት የሣሉባቸው የቀድሞ ፋብሪካ ሕንፃዎች ነበሩ፤ እነርሱም በኅዳር 2013 በሌሊት ነጭ ቀለም ተቀቡ። ነገር ግን ዘመኑ ተለውጦ ነበር። በአሜሪካ በ1990 በወጣ ሕግ መሠረት ባለ ሕንፃ ሊነሣ የሚችልን ሥዕል ከማስወገዱ በፊት ለሠዓሊው የ90 ቀን ማስታወቂያ ሊሰጥ ይገባዋል፤ ክብርና ስም ያገኘንም ሥዕል እንዳያጠፋ ሕጉ ይከለክላል። ዳኛው በ2018 ስለ 45 ሥዕሎች ለ21 ሠዓሊዎች 6,750,000 ዶላር ካሣ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚውም ፍርድ ቤት በ2020 አጸናው። ባለ ሕንፃው ሕንፃውን ለማፍረስ መፈለጉ ወንጀል አልነበረም። ካሣ ያስፈረደበት ሠዓሊዎቹን በቀን ሳያነጋግር በሌሊት መቀባቱ ነው። በሌሊት የሚደረግ ነገር ጠያቂ እንዳይኖረው ሆኖ ይደረጋልና።

እንግዲህ ቃል እንደ ገባን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለሳለን። ለዚህ በዓል መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለውን ረጅም ግድግዳ እንድንሥልበት አስተዳደሩ ፈቅዶልናል፤ ስለዚህም እጅግ እናመሰግናለን። የሥዕሉን ንድፍ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። በመካከሉ ይህን ትምህርት ቤት ለማሠራት ድንጋይ የተሸከሙ አባቶችና እናቶች አሉ። በቀኙ ከዚህ ወጥተው ሐኪምና መምህር፥ ገበሬና መካኒክ የሆኑ ልጆች አሉ። በግራው ግን አራት ሆነው በአንድ ዴስክ የተጨናነቁ ተማሪዎችና፥ ጀሪካን ተሸክማ ደብተሯን በብብቷ ይዛ ወደ ክፍል የምትሮጥ ልጅ አሉ። በግራ በኩል ያለው ይህ ክፍል ክርክር አስነሥቷል።

ከወላጆችና ከመምህራን አንዳንዶቹ «በበዓል ቀን በእንግዳ ፊት ገበና አይገለጥም፤ ዝም አይነቅዝም» ብለውናል። ይህን ያሉት ትምህርት ቤቱን ስለሚወዱ መሆኑን እናውቃለን፤ ምክራቸውንም አልናቅንም። ነገር ግን ያቺ ልጅ በምናብ የፈጠርናት አይደለችም፤ በመካከላችሁ ተቀምጣለች፤ እርሷን የሚመስሉም ብዙ ናቸው። ድንጋይ የተሸከሙትን አክብረን ውኃ የምትሸከመውን ብንሰርዛት፥ የሣልነው የትምህርት ቤታችንን ግማሽ ብቻ ይሆናል። እርሷም በየቀኑ በዚያ ግድግዳ ፊት ስታልፍ ራሷን አታገኝም።

ስለዚህ በማኅበራችን ስም አራት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፥ ሥዕሉ እንደ ንድፉ ይሣል። ሁለተኛ፥ ከሥዕሉ አጠገብ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ከነጠመኔው ይቁም፤ ሥዕሉን የሚቃወምም የሚደግፍም፥ ወላጅም ሆነ መምህር ወይም ተማሪ፥ ሐሳቡን ይጻፍበት። ስሙን ቢጽፍ ደስ ይለናል፤ ስሙን ለመጻፍ የሚፈራ ካለ ግን የፈራበትን ምክንያት ሁላችን ልናስብበት ይገባል። ሦስተኛ፥ ሥዕሉ ይነሣ ወይም ይለወጥ የሚል ሐሳብ ሲመጣ በቀን፥ በጉባኤ ፊት ይነገር፤ የ90 ቀንም ጊዜ ይሰጥ። አራተኛ፥ በየ5 ዓመቱ ግድግዳው በፎቶግራፍ ተመዝግቦ በዚያን ጊዜ ለሚኖሩ ተማሪዎች ይተላለፍ። ከእኛ በኋላ የሚመጡት የሚናገሩት የራሳቸው ነገር ይኖራቸዋልና፥ ግድግዳውን ለዘላለም ይዘን እነርሱን ዝም ልናሰኛቸው አይገባም።

እኛም በበኩላችን ቃል እንገባለን። በሰሌዳው ላይ የሚጻፍብንን ነገር፥ ቢመረንም፥ አናጠፋም። የተሳሳተ ነገር ሣላችሁ ብሎ የሚያስረዳን ቢኖር እንሰማዋለን። ለእናንተም ለጓደኞቻችን የምንለው አንድ ነገር አለ። በ1924 የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ያልወደዱትን ሥዕል ሲቧጭሩ ጠመኔ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። ለእናንተ ግን ይኖራችኋል። ከጠመኔ በኋላ መቧጨሪያ የሚያነሣ ሰው ምክንያት የለውም።

ክቡር ዳይሬክተር፥ ክቡራን ወላጆችና መምህራን፤ ውሳኔው በእጃችሁ ነው። የኖራው ከረጢትም የቀለሙም ቆርቆሮ በአንድ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የትኛው ቀድሞ እንዲከፈት እንደምትፈቅዱ በተስፋ እንጠብቃለን።